የሩዋንዳ ዙርና የጎንደር ጥያቄ፦ የብዙ ቀን የብስክሌት ውድድር ምን ይፈልጋል?

ከመስከረም 11 እስከ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ ተካሄደ። ሻምፒዮናው ወደ አፍሪካ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ተጋልቦ ታዴይ ፖጋቻር ሲያሸንፍ፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 30 ተወዳዳሪዎች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጎንደር ስለ ስፖርት በሚወራበት ቦታ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ዳገቱም፣ ከፍታውም፣ ታሪኩም ያለን እኛ ለምን አናስተናግድም የሚል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል። ሻምፒዮናው በየዓመቱ አገር እየቀያየረ የሚዞር ድግስ ነው፤ እያንዳንዱ ውድድርም በአንድ ቀን ያልቃል። ኪጋሊን ለዚያ ያበቃት ግን በየዓመቱ እዚያው አገር የሚካሄደው የብዙ ቀን ውድድር፣ ቱር ዱ ሩዋንዳ ነው። ጎንደር ልትጠይቅ የሚገባው ስለ ሁለተኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ውድድሮች ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድም ቀን ሳይቀድሙ ማሸነፍ

በብዙ ቀን ውድድር የእያንዳንዱ ቀን ጉዞ ምዕራፍ ይባላል። በየምዕራፉ ቀድሞ የገባው የዕለቱን ሽልማት ይወስዳል። የውድድሩ አሸናፊ የሚባለው ግን የሁሉም ቀናት ሰዓቱ ተደምሮ ትንሹ የሆነው ነው። ብዙ ተመልካች ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ግሬግ ለሞንድ በ1990፣ ኢጋን በርናል ደግሞ በ2019 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፉት አንድም ምዕራፍ ሳይቀድሙ ነው።

ምክንያቱ የሰዓት አያያዙ ነው። ፔሎቶን የሚባለው ዋናው ስብስብ ተያይዞ ሲገባ፣ በመካከሉ ክፍተት እስካልተፈጠረ ድረስ ከፊት ያለውም 60ኛ የገባውም እኩል ሰዓት ይመዘገብላቸዋል። ስለዚህ በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚያሸንፍ ጋላቢ የሚያተርፈው ከጠቅላላ ሰዓቱ የሚቀነስለት ጉርሻ ሰከንድ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአንደኛ 10፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 4 ሰከንድ። ያው ሰው በማግስቱ ዳገት ላይ ተቆርጦ ቢቀር አንድ ደቂቃ ተኩል ሊያጣ ይችላል። ሦስት ሜዳማ ምዕራፍ አሸንፎ 30 ሰከንድ የሰበሰበ፣ በአንድ ዳገት ሦስት እጥፉን ይመልሳል።

ሜዳ ላይ ተያይዞ የመሄዱ ምስጢር ንፋስ ነው። ከሌላው ጀርባ የተጠለለ ጋላቢ ከሚያወጣው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ መጠለሉ ያን ያህል አይጠቅምም፤ ያኔ እውነተኛው ልዩነት ይወጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ንፋሱ የሚይዘው በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ኦክስጅኑም እንዲሁ። ከቆላ የመጣ ቡድን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ካልተለማመደ በዳገት ላይ የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ሰዓቱ ተደምሮ የሚፈርድ መሆኑ ሌላም ውጤት አለው። አንድ ቀን መታመም፣ አንድ ቀን መውደቅ፣ አንድ ቀን ምግብ ማጣት የሳምንቱን ልፋት ያበላሻል። በ1989 ለሞንድ ሎራን ፊኞንን ያሸነፈው ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጋለበ በኋላ በ8 ሰከንድ ነው።

ሩዋንዳ እንዴት እዚህ ደረሰች

ቱር ዱ ሩዋንዳ በ1988 ሲጀመር የአገር ውስጥ ውድድር ነበር። በ1990ዎቹ ጦርነትና በ1994 የዘር ጭፍጨፋ ተቋርጦ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ቆመ። በ2009 በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር፣ በዩሲአይ፣ የውድድር ሰሌዳ ላይ በ2.2 ደረጃ ተመዘገበ። የመጀመሪያው 2 ውድድሩ የብዙ ቀን መሆኑን፣ ሁለተኛው ቁጥር ደረጃውን ያሳያል። በ2019 ወደ 2.1 ከፍ አለ። ልዩነቱ የስም አይደለም፤ በ2.2 የዓለም ትልልቅ ቡድኖች አይሳተፉም፣ በ2.1 ይችላሉ። በዚያው ዓመት ያሸነፈው ኤርትራዊው መርሃዊ ቁዱስ የተወዳደረው ከእነዚያ ትልልቅ ቡድኖች ለአንዱ፣ ለአስታና ነበር። በ2023 ደግሞ አራት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም በሩዋንዳ መንገድ ላይ ታይቷል።

ዓመቶቹን ልብ ማለት ይገባል። ከአገር ውስጥ ውድድርነት እስከ ዓለም አቀፍ ምዝገባ 21 ዓመት ሄዷል። ከምዝገባው በኋላም ሩዋንዳዊ ጋላቢ፣ ቫለንስ ንዳይሴንጋ፣ ለማሸነፍ የበቃው በ2014 ነው። በነዚያ ዓመታት ፖሊሱ መንገድ መዝጋትን፣ ዳኛው ሰዓት መያዝን፣ ሆቴሉ 100 ስፖርተኛ በአንድ ጊዜ መመገብን፣ ሕዝቡም ዳር ቆሞ ማየትን ተለማምዷል። መልክዓ ምድሩ ከ1988 በፊትም ነበረ።

ተቃራኒው ምሳሌ ጎረቤት ነው። የኤርትራ ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1946 ነው፤ ከሩዋንዳው በ42 ዓመት ይቀድማል። ነገር ግን ለረጅም ዘመን ተቋርጦ በ2001 ነው እንደገና የተጀመረው። ጋላቢ በማፍራት ኤርትራ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆና ሳለ የዓለምን ሻምፒዮና ያስተናገደችው ሩዋንዳ መሆኗ ጎበዝ ጋላቢና ጎበዝ አስተናጋጅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል።

በእኛም አገር ስፖርቱ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሯት። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የስፖርቱ ማዕከል ግን መቀሌ ነው። በአማራ ክልል ብስክሌት በብዛት የሚታየው በሜዳማው ባሕር ዳር ሲሆን፣ በጎንደር ዳገቱ ራሱ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት አልጋበዘም።

መንገድ የመዝጋት ስሌት

ስለ ውድድር ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ጋላቢው ነው። አዘጋጁን እንቅልፍ የሚነሳው ግን መንገዱ ነው። ረጅም መንገድ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም፤ ውድድሩ ሲደርስ ተዘግቶ ሲያልፍ ይከፈታል። ከፊት የፖሊስ መኪና ይሄዳል፣ ከኋላ ደግሞ የተቆረጡትን የሚሰበስብ መጥረጊያ የሚባል መኪና ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የውድድሩ ነው።

ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ መሄዱ ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣኖቹ በሰዓት 38፣ የመጨረሻዎቹ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ እንበል። የፊተኛው ፖሊስ ደግሞ ከፈጣኖቹ 15 ደቂቃ ይቀድማል። በ20ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፈጣኖቹ በ32ኛው፣ የመጨረሻዎቹ በ43ኛው ደቂቃ ያልፋሉ፤ መንገዱ ተዘግቶ የሚቆየው ለግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። ደባርቅ ላይ ግን ፈጣኖቹ በ2 ሰዓት ከ38፣ የመጨረሻዎቹ በ3 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ይገባሉ። እዚያ መንገዱ ከ70 ደቂቃ በላይ ይዘጋል። ለዚህም ነው የሰዓት ገደብ የሚኖረው። ገደቡ 10 በመቶ ከሆነና አንደኛው በ3 ሰዓት ከገባ፣ ከ3 ሰዓት ከ18 ደቂቃ በኋላ የመጣው ከውድድሩ ይወጣል። ደንቡ ለጋላቢው ጨካኝ ይመስላል፤ ለአይሱዙ ሾፌሩና ለአምቡላንሱ ግን ምሕረት ነው።

በሩዋንዳ ብዙ ቦታ ተለዋጭ መንገድ አለ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው አስፋልት ግን አንድ ነው። ወደ ሌላ ማዞር ስለማይቻል መዝጋት ማለት ማቆም ማለት ነው፤ ጭነት መኪናውም፣ ሚኒባሱም፣ ወላድ የያዘውም። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድም ነገሩ ከዚህ ብዙም አይለይም። አዘጋጅ ይህን ሳያሰላ ካርታ ላይ መስመር ቢያሰምር የመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ይሆናል።

በከተማ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ጎንደር ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱና ሲመለሱ መንገድ የመዝጋት፣ ሕዝብን ዳር የማስያዝ፣ የአምቡላንስ መውጫ የመተው የቆየ ልምድ አላት። አስተናባሪ ወጣቶችን በየመስቀለኛው ማቆም ለከተማዋ አዲስ ሥራ አይደለም። ለብስክሌት የሚጨመረው ፊሽካና ቢጫ ባንዲራ፣ እንዲሁም ባጃጅ ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ድንገት እንዳይወጣ በየቅያሱ አፍ አንድ ሰው ማቆም ነው።

ወለሉ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ

ወደ ወገራ በሚወጣው መንገድ ላይ አደጋ የሚያመጣው ዳገቱ ሳይሆን በየከተማው መግቢያ የተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው። በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጠጋግተው በሚሄዱ 80 ጋላቢዎች መካከል ጉብታውን የሚያዩት ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው። የኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ስለዚህ ከጉብታው 100 ሜትር ያህል ቀድሞ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው ይቆማል፣ ጉብታው ራሱም በደማቅ ቀለም ይቀባል። ሌላው ከብት ነው። ውድድሩ የሚያልፍበት ቀን በመንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች የአንዱ ገበያ ቀን ከሆነ አህያና በግ ከመንገድ ማራቅ አይቻልም፤ ቀኑ መቀየር አለበት።

የጎማ ነገር በቅርብ መታየት ያለበት ነው። ዛሬ የውድድር ጎማ ስፋት በአብዛኛው 28 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ጋላቢ በሸካራ አስፋልት ላይ ከ65 እስከ 70 ፒኤስአይ ንፋስ ይበቃዋል። በእኛ ዘንድ ግን ጎማ በጣም ከጠነከረ ይፈጥናል የሚል እምነት ስላለ 100 እና ከዚያ በላይ የሚነፋ አለ። እንዲህ የተነፋ ጎማ በሸካራ ወለል ላይ ይነጥራል፣ ኩርባ ላይም ይንሸራተታል። በጣም ቢላላ ደግሞ የጉድጓዱ ጠርዝ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። ካላማዳሪ የሌለው፣ በውስጡ ፈሳሽ ማሸጊያ የሚጨመርበት ጎማ ለግራር እሾህ ይሻላል፤ ፈሳሹ ግን በሙቀት ስለሚደርቅ በየሁለት ሦስት ወሩ መታየት አለበት።

ጎማ ሲበላሽ መጠገን የለም፤ ቸርኬው በሙሉ ይቀየራል። ልምድ የሌለው አዘጋጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ለሁሉም ቡድን የሚያገለግለው የጋራ መኪና የሚይዘው ትርፍ ቸርኬ ለሁሉም ብስክሌት አይሆንም። የአንዱ የኋላ ማርሽ ባለ 11፣ የሌላው ባለ 12 ደረጃ ነው። የአንዱ የዲስክ ፍሬን ሳህን 140፣ የሌላው 160 ሚሊ ሜትር ነው። የክለቦቻችን አሮጌ ብስክሌቶች ደግሞ ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን አላቸው። ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን የእያንዳንዱ ቡድን ዝርዝር ተወስዶ ትርፉ በዚያ መሠረት ካልተጫነ፣ መኪናው ሙሉ ሆኖ ሳለ ጋላቢው መንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል።

ሊማሊሞ ሲነሳ ሁሉም ይጓጓል። ከደባርቅ ደጋ ወደ ዛሪማ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀደደው ያ ገደላማ መንገድ በቴሌቪዥን ቢታይ ዓለምን እንደሚያስደንቅ ጥርጥር የለውም። ለውድድር ቁልቁል መውረድ ግን በመጀመሪያ ዓመታት መታሰብ የለበትም። ቸርኬ የሚጨብጥ ፍሬን ያለው ብስክሌት በረጅም ቁልቁለት ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ካላማዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። ከገደሉ የተንከባለለ ጠጠርም ኩርባው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ሊማሊሞን ወደ ላይ፣ በክሮኖ ማድረግ ይሻላል። ክሮኖ እያንዳንዱ ጋላቢ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለብቻው ተነስቶ ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ነው። ተያይዞ መውደቅ የለም፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ውሃና ምግብ

100 ጋላቢ፣ 3 ሰዓት ተኩል፣ ለአንድ ሰው በሰዓት 7 ዴሲ ሊትር ውሃ ቢሰላ 245 ሊትር ይሆናል፤ በግማሽ ሊትር ኮዳ ሲቆጠር 490 ኮዳ። ይህ ሁሉ በመንገድ ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጥ ስለሆነ ቦታው ቀለል ያለ ዳገት፣ ከአንድ ወገን ብቻ መሆን አለበት። ቁልቁለት ላይ ኮዳ መስጠት አጥንት ያሰብራል።

ጋላቢ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ይፈልጋል። አንድ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። የእኛ በሶ በስኳር ተበጥብጦ ከውድድር በኋላ ለማገገም ጥሩ ነው። በውድድር መካከል ግን ገለባማነቱ ሆድ ስለሚያስቸግር በልምምድ ያልሞከረው ሰው በውድድር ቀን መጀመር የለበትም። ከሁሉ በላይ ውሃው የታሸገ ወይም የፈላ መሆን አለበት። በአንድ ቀን ውድድር የሆድ ሕመም አንድ ሰው ያስቀራል። በብዙ ቀን ውድድር ግን በአንድ ሆቴል የሚበላ ቡድን በሙሉ በሦስተኛው ቀን ይረግፋል።

ገንዘቡ ከየት?

ብስክሌት ትኬት የማይቆረጥበት ስፖርት ነው። ቱር ደ ፍራንስ በ1903 የተጀመረው ሎቶ የተባለው ጋዜጣ ሽያጩን ለማሳደግ ብሎ ነው። መሪው ከ1919 ጀምሮ የሚለብሰው ማሊያ ቢጫ የሆነውም የጋዜጣው ወረቀት ቢጫ ስለነበረ ነው። የጣሊያኑን ዙርም በ1909 የጀመረው ጋዜጣ ነው። ዛሬ ዋናዎቹ ምንጮች ስፖንሰር፣ የቴሌቪዥን መብት፣ እንዲሁም መነሻና መድረሻ ለመሆን የሚፈልጉ ከተሞች የሚከፍሉት ናቸው።

ለጎንደር ቀጥተኛው ጥቅም አልጋ ነው። 15 ቡድን በ6 ጋላቢና በ4 ረዳት ቢመጣ 150 ሰው ነው። ዳኛ፣ ሐኪም፣ ሾፌርና ጋዜጠኛ ሲጨመር 200 ይጠጋል። ለአምስት ሌሊት 1,000 አልጋ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በላይ እንግዳ ለራቃቸው ሆቴሎች ትንሽ አይደለም፤ የከተማ ኢኮኖሚ ይለውጣል ማለት ግን ማጋነን ነው።

የሚቃረኑት አስተያየቶች

አንዱ ወገን ውድድሩ ቱሪዝምን ስለሚመልስ ቶሎ ይጀመር ይላል። ሌላው መንገድና ሆስፒታል በሚቸግርበት ጊዜ ለብስክሌት ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው ይላል። ሦስተኛው ጋላቢ ሳይኖረን ውድድር ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ክለብ ይቋቋም ባይ ነው።

የሁለተኛው ወገን ክርክር የሚጸናው ውድድሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተጀመረ ነው። ወጪው የሚከብደው ያኔ ነውና። የሦስተኛው ሐሳብ ግማሽ እውነት አለው። ክለብ ያለ ውድድር ይበተናል፤ ወጣት ጋላቢ በወር አንድ ጊዜ የሚወዳደርበት ነገር ከሌለ ብስክሌቱን ይሸጣል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው።

የመጀመሪያውን ወገን የሚገታው ጸጥታ ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ግጭት መንገዶችን አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፍት ቆይቷል። የውጭ ቡድን ከመምጣቱ በፊት የሚያየው የመንግሥቱን የጉዞ ማስጠንቀቂያና የመድን ውሉን ነው። ሩዋንዳ ራሷ በ2025 በድንበሯ ማዶ በምሥራቅ ኮንጎ በነበረው ጦርነት ምክንያት አንድ የቤልጅየም ቡድን ቀርቶባታል። ውድድሩ ግን ቀጠለ፤ 16 ዓመት በሰሌዳ ላይ የቆየ ውድድር አንድ ቡድን በመቅረቱ አይፈርስም። አዲስ ውድድር ግን ይፈርሳል። 100 ኪሎ ሜትር መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ በሰላም ክፍት ሳይሆን ከጎንደር ደባርቅ ምዕራፍ ማቀድ በወጣቶች ሕይወት መቀለድ ይሆናል።

የሚቻለው ምንድን ነው? የሦስት ቀን የአገር ውስጥ ውድድር፣ ሁሉም ምዕራፍ ከጎንደር ተነስቶ ጎንደር የሚገባ። አንደኛው ቀን ወደ አዘዞ ደርሶ የሚመለስ ክሮኖ ይሁን። ሁለተኛው ከፒያሳ ተነስቶ በማራኪ የሚዞር የከተማ ውስጥ ውድድር፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ጎሃ ዳገት የሚጨርስ ይሁን። ቡድኖች ሆቴል አይቀይሩም፣ የማጠናቀቂያው መስመር ዕቃ አይጓጓዝም፣ ሪፈራል ሆስፒታሉም ቅርብ ነው። የጎሃው ማጠናቀቂያ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላይ ቦታው ጠባብ ስለሆነ የቡድን መኪኖች ከመስመሩ በፊት ታች መቅረት አለባቸው። ከመስመሩ በፊት 300፣ ከመስመሩ በኋላ 100 ሜትር የብረት አጥር ያስፈልጋል። መንገዱ ከተዘጋ አይቀር በዚያው ሰዓት ሴቶችና ታዳጊዎችም ቢወዳደሩ ወጪው ብዙም አይጨምርም፤ ይህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መደረግ አለበት።

መቼ ይሁን?

ክረምት አይታሰብም። የሩዋንዳው የ2025 ውድድር የመጨረሻ ምዕራፍ እንኳ በከባድ ዝናብ ተቋርጧል። ጥቅምት ላይ ዝናብ የፈነቀለው አስፋልት ገና አልተጠገነም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው፤ የሚጾም ጋላቢ ጠዋት ሳይበላ 90 ኪሎ ሜትር አይጋልብም። ጥምቀት ሲሆን አልጋ አይገኝም። ዐቢይ ጾም ደግሞ ወደ ሁለት ወር ይወስዳል። የሚቀረው ጠባብ ጊዜ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው። ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው መካከል ስለሚዋልል ጊዜው በአንዳንድ ዓመት ከአንድ ወር በላይ፣ በሌላው ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ብቻ ይሆናል። አመቺው ከነነዌ ሦስት ቀን በኋላ የሚመጣው ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ነው። ረቡዕና ዓርብ አይነካም፣ የጥምቀት እንግዳም ሄዷል። ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ገበያ ስላለ የዕለቱ ምዕራፍ በአዘዞ በኩል ያለው ክሮኖ መሆን አለበት፤ የከተማው ውስጥ ዙር ለእሑድ ይቆያል።